ከአልጋ እስከ ወንበር

የካቲት 3
ዛሬ አርባ ሁለት ሸሚዝ ተኮስኩ። ላውንደሪው ውስጥ ሙቀቱ አይጣል ነው። እንደ ሁልጊዜው ጠዋት የባሌን ምሳ አልጋው ዳር አስቀምጬለት ወጣሁ። ማታ ገላውን አጥቤው ሬዲዮ ሰማን። ሌላ ምንም የለም።

የካቲት 6
ጣልኩት።
ከአልጋ ወደ ወንበር ላዛውረው ስል ጉልበቴ ከዳኝ። ግንባሩ የአልጋው ብረት ላይ... ሦስት ቦታ ተሰፋ። ግራ ጎኑ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬ ጥዬው አላውቅም ነበር። ወለሉ ላይ ሁለታችንም ተጋድመን ጣሪያውን እያየን፣ "ሃያ ዓመት ጆንያ ስሸከም አንድ አልጣልኩም። አንቺ አንድ ባል አቃተሽ?" አለኝ። ሊያስቀኝ ብሎ ነው። አልሳቅኩም።

የካቲት 8
እትዬ መጡ። ታላቅ እህቱ ናቸው፤ እንደ እናት ሆነው ነው ያሳደጉት። የተሰፋ ግንባሩን በጣታቸው ዳሰሱት። ከዚያ፣
"ክፉ ነሽ አላልኩም፣ የኔ ልጅ። አቅም ነው የሌለሽ። እኔ ቤት ሁለት ጎረምሶች አሉ፤ እንደ ሕፃን ብድግ ነው የሚያደርጉት።"
የእሳቸው ቤት በአውቶቡስ ግማሽ ቀን ነው። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። መሄድ ሲያስፈራው እንዲህ ነው።
"ሁለት ወር ይስጡኝ" አልኩ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። "ብቻዬን ሳልንገዳገድ ወንበሩ ላይ ካላስቀመጥኩት ይውሰዱት።"
"ሚያዝያ ስምንት እመጣለሁ" አሉ።

የካቲት 11
ላውንደሪው ውስጥ የልብስ ኪስ መፈተሽ የኔ ሥራ ነው። ከገንዘብና ከመታወቂያ በቀር የሚፈልገው ስለሌለ ወረቀቱ ለኔ ይቀራል። ማንበብ የለመድኩትም በዚሁ ነው... በሰው ኪስ። ዛሬ ከአንድ ኮት የመጽሔት ገጽ ወጣ፤ ያለ መሣሪያ ቤት ውስጥ ጉልበት ስለማጎልበት። አንዲት ሴት ከወንበር ትነሳለች፣ ትቀመጣለች። ግድግዳ ትገፋለች። የታችኛው ግማሽ ተቀዷል።
ከወንበር መነሳት፣ አስር ጊዜ ይላል። ስድስተኛው ላይ ቀረሁ። ለካ ከወንበር መነሳትም ሥራ ነው?

የካቲት 12
ደረጃውን በጎኔ ነው የወረድኩት። የላውንደሪው ባለቤት፣ "ምነው፣ ፈረስ ጣለሽ?" አለችኝ። ባል ጣልኩ ልላት ነበር።

የካቲት 19
ወረቀቱ ላይ ያለውን በየቀኑ ስሠራ ሰነበትኩ። ዛሬ እጄ ተንቀጥቅጦ የሰው ኮሌታ አቃጠልኩ። ለእሱ ስነግረው ተቆጣ።
"ማን በየቀኑ ሥሪ አለሽ? እኛ እንኳን አንድ ቀን ሲሚንቶ ካራገፍን በማግስቱ ቀላል ቀላሉን ነበር የምንይዘው። ሰውነት የሚጠነክረው ሲያርፍ ነው። ወረቀትሽ ይሄን አይልም?"
"ግማሹ የለም እኮ።"
"እንግዲያው የጎደለው ግማሽ እኔ ነኝ።"
ከዛሬ ጀምሮ አሠልጣኜ እሱ ነው። ወገብሽን ቀጥ አድርጊ፣ ከጉልበትሽ እጠፊ። ሸክሙን ደረትሽ ላይ ለጥፊው። አየር አትያዢ፣ ስትነሺ አውጪው... ሸክም ሲሠራበት በነበረው መጋዘን "ክሬን" ይሉት ነበር። ድምፁ እንደዚያ ጊዜው ሆነ።

መጋቢት 1
ከወንበር መነሳት አስራ አምስት፣ ሦስት ዙር። መግፋቱን ከግድግዳው ወደ ጠረጴዛው ጠርዝ አወረድኩት። አምስት አምስት ሊትር ጄሪካን በሁለት እጄ፣ ከበር እስከ መስኮት አስር ምልልስ። እሱ ይቆጥራል። ያጭበረብራል፤ ከስምንት ወደ ስድስት ይመልሰኛል።

መጋቢት 14
አነሳሁት። ከአልጋ እስከ ወንበር። አልተንገዳገድኩም። ወንበሩ ላይ ሆኖ አየኝና፣ "ክሬኗ" አለኝ። ሌላ ነገር ሊጨምር ነበር፣ ተወው።
በሩን ዘግቼ ክንዴን በመስታወት አየሁ። በዚህ ዕድሜዬ።

መጋቢት 20
እንዲህ በቶሎ ይጠነከራል? ዛሬማ ትራስ ያነሳሁ ነው የመሰለኝ። ሱሪው አልይዝ ብሎ ቀበቶው ላይ ቀዳዳ ጨመርኩ። "ቀበቶው ሰፍቶ ነው" አለ። ይሆናል። ማታ እህል አልነካም፤ ምሳ ከብዶኛል ይላል።
የጎረቤት ድመት መስኮታችን ሥር ውላ ታድራለች። እንዴት ያለች ድንቡሼ ሆናለች።

መጋቢት 24
መብራት ጠፍቶ ካውያው ቆመ። ከምሳ በፊት ቤት ገባሁ። በሩን ስከፍት ሳህኑን በደህና እጁ ከአልጋው ጎን ባለው መስኮት ላይ ደግፎ ይዞታል። ድመቷ ትበላለች። ጠዋት የቀቀልኩለትን እንቁላል።
"ከመቼ ጀምሮ?"
ሳህኑን አላወረደም።
"ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"ግንባሬ ከተሰፋ ወዲህ" አለ። ድመቷን ነበር የሚያየው። "አንቺ ትጠነክሪያለሽ፣ እኔ እቀልላለሁ... መሃል ላይ እንገናኛለን ብዬ ነው።"
ኩሽና ገብቼ ቧንቧውን ከፈትኩት። ድምፄ እንዳይሰማው።

መጋቢት 25
ምን ያህሉ የኔ ጉልበት ነው? ምን ያህሉ የእሱ ረሃብ?
ካበላሁት ይከብደኛል። ከከበደኝ እትዬ ይወስዱታል። ካላበላሁት ይቀርልኛል... ምኑ ነው የሚቀርልኝ? አጥንቱ?

መጋቢት 26
የላውንደሪውን ባለቤት ምሳ ሰዓት ቤቴ ልሂድ አልኳት። ፈቀደች። ሁለት እንቁላል፣ ወተት፣ ሙዝ። መስኮቱን ዘግቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። አፉ ውስጥ ይዞ ቆየ።
"ዋጥ።"
"ይወስዱኛል እኮ።"
"ዋጥ።"
ዋጠ። እያየኝ።

ሚያዝያ 3
ጉንጩ ቀለም አገኘ። ወንበሩ ላይ ደረስን፣ ግን ጉልበቴ ተርገፈገፈ። "ሦስት ኪሎ ጨምሬያለሁ" አለ። ሚዛን ምን ያደርግለታል፤ ሸክም ላይ ያረጀ ሰው ነው። "እስከ ስምንት ድረስ ትንሽ ልቀንስ?" ብሎ ለመነኝ።
ማንኪያውን አቀረብኩለት።

ሚያዝያ 8
እትዬ ከትልቁ ልጃቸው ጋር በጠዋት መጡ። ክንዱን ጨበጥ አድርገው፣ "ከስተሃል" አሉት። "አሁን ተሽሎኛል" አላቸው። ሌላ አልተናገረም። እኔም።
ያዝኩት። ተነሳሁ። አንድ እርምጃ... ከዚያ ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። አልጣልኩትም። ይሄን እጽፈዋለሁ፤ አልጣልኩትም። ወደ አልጋው መልሼ አስቀመጥኩት።
እትዬ ትራሱን አስተካከሉለት። ቢናገሩ ይሻለኝ ነበር። የተናገረው እሱ ነው።
"እሄዳለሁ፣ እትዬ።"
"አንዴ ልድገም" አልኩ።
"ተይ። አንቺም ከወደቅሽ ማን ለማን ይተርፋል?"
ብዙ ልብስ የለውም። ያሉትን ሸሚዞች ሁሉ ተኮስኳቸው። ምሳ አብልቼው ነው የሄደው።

ሚያዝያ 9
ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሽርጤን ፈታሁ። በሩ ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ። ተመልሼ አሰርኩት።

ግንቦት 10
ልጠይቀው ሄድኩ። በረንዳ ላይ አስቀምጠውታል። ፊቱ ሞልቷል። ሸሚዙ ሆዱ ላይ ተወጥሯል... እንዴት እንደሚያምርበት።
"ልጆቹ እንዴት ነው የሚያነሱህ?"
"ብድግ ነው። ጎበዞች ናቸው። ወሬ ግን አያውቁም፤ በር ያነሱ ነው የሚመስላቸው።"
እትዬ ሻይ ሊያፈሉ ገቡ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እስቲ ሞክሪኝ" አለ።
እጆቼን በብብቱ ሥር አሳልፌ ጀርባው ላይ አቆላለፍኩ። ጉልበቴን አጠፍኩ። ከባድ ነው። ያገባሁትን ሰው ያህል ከባድ።
"ምን ትጠብቂያለሽ?" አለኝ፣ አንገቴ ሥር።
"ዝም በል።"
 ደህናው እጁ መጥቶ ትከሻዬ ላይ አረፈ። እትዬ ሻዩን ይዘው እስኪወጡ እንዲሁ ቆየን። አላነሳሁትም።