ሁለት ጣት ከሰደፉ

ኤፕሪል 9፣ እሑድ

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው እንጃ... ዛሬ "እሺ" አልኩ። ልል የፈለግሁት "አይሆንም" ነበር።

ምሳ ላይ ነው፣ የገብስ ሾርባ እየበላን። አጎቴ ጊያከን ማንኪያውን አስቀመጠና፣ "መንጊያ፣ የአባቴን ጠመንጃ ለባርክላሚው እንስጠው" አለ። ባርክላሚው ታች ሸለቆው ውስጥ ያሉት ጠመንጃ ሠሪ ናቸው። አፈሙዙ አርጅቷል ይላል አጎቴ፣ ይጣል። ወፍራም አዲስ ይግባለት። እንጨቱም ይጣል፣ ጉንጭ ማሳረፊያው ከፍ ዝቅ የሚል ሰደፍ ይሠራለት። ከአያቴ የሚቀረው መቀባበያው ብቻ ነው ማለት ነው።

"በሦስት መቶ ሜትር ላይ የዝንብ ዓይን የሚያወጣ ጠመንጃ ይኖርሻል።"

"እሺ፣ አጎቴ።"

አንገቴን ደፍቼ። ለምን? አላውቅም። እሱ ሲናገር ሁሉም ነገር አስቀድሞ ያለቀ ይመስላል።

እማማ፣ ሴት አያቴ፣ ጭልፋውን አነሣች። ከአያቴ ጋር አርባ ስምንት ዓመት የኖረችው እሷ ናት፣ ጠመንጃውንም ለእኔ የሰጠችኝ እሷ። ሾርባ ጨመረችልኝ፣ በቃ። ጠመንጃው እስካሁን ቁም ሣጥኑ ውስጥ ነው፣ ከአያቴ የእሑድ ኮት ጎን። በጃንዋሪ ከቀበርነው ወዲህ ኮቱን ያነሣ የለም።

ኤፕሪል 10

የምሠራበት አይብ ቤት ስልሳ ሁለት የአይብ ቅርጽ ማውጫ አጠብኩ። እያጠብኩ "አይሆንም" ማለትን ተለማመድኩ። የውሃው ድምፅ ዋጠው።

ኤፕሪል 16፣ እሑድ

ልምምድ። ውርደት።

አሥር ጥይት። ከዒላማዎቹ ሥር ጉድጓድ ውስጥ ያሉት ሰዎች በረጅም እንጨት የታሰረችውን ክብ ሰሌዳ እያነሡ የመታሁበትን ያሳያሉ። ግራ... ግራ ታች... ግራ። ሰባተኛው ላይ ሰሌዳዋ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። ባዶ። ከዚያ ስልኩ ጮኸ። የቡድኑ ሽማግሌ ቱማሽ አነሡና ሰምተው ወደኛ ዞሩ።

"ከጉድጓዱ ነው። ልጅቷን ከጎናችን የሚግጡት ላሞች ምን በድለዋት ነው? ይላሉ።"

ሁሉም ሳቀ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ።

ሰባተኛዋ ጥይት የት እንደገባች የታወቀው በኋላ ነው። የኔ ዒላማ አራት ቁጥር ነበር፣ የቱማሽ በግራ ያለው ሦስት። አሥር ተኩሰው አሥራ አንድ ቀዳዳ ተገኘላቸው።

"ስጦታ ነው፣ መንጊያ?" አሉኝ ወረቀቱን እያሳዩኝ። "ልደቴ ገና በኦክቶበር ነው እኮ።"

በሰው ዒላማ ላይ መተኮስ... አያቴ ቢኖር ምን ይል ነበር? ምንም አይልም ነበር። የደረቀ ፒር ከኪሱ አውጥቶ ይሰጠኝ ነበር።

አጎቴ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ትከሻዬን ይዞ፣ "አየሽ? አፈሙዙ ነው። ያንቺ ጥፋት አይደለም" አለኝ። ቡድኑ አምስት ሰው ይፈልጋል። አያቴ ከሞተ ወዲህ አራት ናቸው። አራት ሰው ደግሞ ቡድን አይባልም፣ ለውድድር አይመዘገብም። የመጀመሪያው ዙር ሜይ 20 ነው። ስሜን በአያቴ ስም ቦታ ጽፎታል። በቀይ ቀለም።

ኤፕሪል 17

ዛሬ የምጽፈው ስለ ድሮ ነው። ሌላ የሚጻፍ የለኝም።

ስድስት ዓመቴ ነበር መሰለኝ። በጁን የሚደረገው የሜዳ ተኩስ በዓል። ሸለቆው ሁሉ ይወጣል፣ ሐኪሙም፣ ደወል ደዋዩም፣ ፖስተኛዋም። ለሰው ሁሉ አሥራ ስምንት ጥይት፣ ከዚያ ጥብስና ሙዚቃ። አያቴ ምንጣፉ ላይ ሲተኛ እኔም አጠገቡ ተኛሁ። ከልካይ አልነበረም። የኔ ሥራ ቀለሁን መልቀም ነበር። ቀለሁ ሲወድቅ ይሞቃል፣ በእጄ ጨብጬ እይዘዋለሁ እስኪበርድ። ሲበርድ ሌላው ይወድቃል።

ምላጩ ከመሳቡ በፊት የነበረውን ዝምታ እወደው ነበር። ትንፋሹን ያወጣል፣ ግማሹን ያስቀራል። ከዚያ ድምፁ። ከዚያ ደግሞ ያው ድምፅ ከማዶው ተራራ ይመለሳል፣ ዘግይቶ፣ ደክሞት። "ሰማሽ? ተራራው ቁጥሩን እያነበበ ነው" ይለኝ ነበር። እውነት መስሎኝ አብሬ እቆጥር ነበር።

ጢሙ የጠመንጃ ቅባት ይሸት ነበር። እማማ ትቆጣዋለች፣ እኔ ግን ሲስመኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ደግሞ ሁሌ የሚነግረን... "ይቺ ጠመንጃ በጦርነቱ ጊዜ ስድስት ክረምት ድንበር ላይ ቆማለች። በረዶው እስከ ወገብ።" ቀብሩ ላይ አጎቴ ይህንኑ ተናገረ። "ስድስት ክረምት ከትከሻው አልወረደችም" ሲል ድምፁ ተሰበረ። አጎቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ታዲያ እንዴት አፈሙዟን ይጥላል? ወይስ ለዚህ ነው የሚጥለው... ማየት አቅቶት?

ኤፕሪል 22፣ ቅዳሜ

ጋሽ ባርክላሚው ዘንድ ሄድኩ፣ ብቻዬን። አጎቴ ጥጃ ሊያዋልድ ቀረ። ጠመንጃውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ ፖስታና ሰው በሚያመላልሰው አውቶቡስ። ሹፌሩ፣ "ሕፃኑ ተኝቷል?" አለኝ። ፊቴ ቀላ።

የጋሽ ባርክላሚው ቤት የእንጨት ዘይትና የብረት ብናኝ ይሸታል። መነጽራቸው በክር ታስሯል። ጠመንጃውን ተቀበሉኝ፣ አፈሙዙን ወደ መስኮቱ አድርገው በውስጡ ብርሃን አዩ።  

"አርጅቷል ያለው ማነው?"

"አጎቴ።"

"አጎትሽ ላም ያውቃል።"

ከቤታቸው ጀርባ መተኮሻቸው አለ። ጠመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስተኝተው አምስት ጥይት ተኮሱ። ወረቀቱን ሲያመጡት አምስቱንም ቀዳዳ በመዳፌ መሸፈን ቻልኩ። ትንሽ መዳፍ ናት የኔ።

"አፈሙዙ ገና ልጅ ነው። እስቲ ክንድሽን አምጪ።"

የሰደፉን ጫፍ ከክርኔ እጥፋት ላይ አስደገፉ። ጣቴ ምላጩ ላይ መድረስ ነበረበት። አልደረሰም። ሁለት ጣት ቀረው።

"እስከ ዛሬ አንገትሽን እንደ ዝይ እያስረዘምሽ ነው የተኮስሽው። ግራ የሚሄደው እሱ ነው። ሰደፉን ከኋላው በሁለት ጣት ማሳጠር በቂ ነው። ያኔ ጉንጭሽ አያትሽ እንጨቱን ካጠቆረው ቦታ ላይ ያርፋል።"

"አጎቴ ግን ወፍራሙን አፈሙዝ..."

"እገጥመዋለሁ፣ ካላችሁ። ጥሩ ጠመንጃ ይወጣዋል፣ አልዋሽሽም። ለውድድሩ ይበልጣል። ግን የሜዳው በዓል ላይ አይፈቀድም። እዚያ የሠራዊት ጠመንጃ ብቻ ነው የሚገባው። ሰደፍ ማሳጠር ሌላ ነገር ነው፣ የሱን ፈቃድ እኔ አስጨርሳለሁ።"

ከዚያ የእንጨቱን ውፍረት ለማየት ከሰደፉ ጫፍ ያለውን ብረት ፈቱ። ሥሩ የታጠፈ ወረቀት ነበር። ወታደሮች ስማቸውንና አገራቸውን ጽፈው እዚያ ያስቀምጡ ነበር፣ ጠመንጃ ከጠመንጃ እንዳይቀላቀል። እየሳቅኩ ከፈትኩት። የአያቴን ጽሕፈት ነበር የጠበቅኩት።

"ፋድሪ ካቪያ" ይላል። ከሥሩ፣ ከተራራው ማዶ ያለ አገር ስም።

የአያቴ ስም የለም። የትም የለም።

"ምናልባት አያቴ አላየውም ይሆናል..." አልኩ።

ጋሽ ባርክላሚው ብሎኖቹን በጣታቸው ዳሰሱ። "በየዓመቱ ሲፈታና ሲቀባ የኖረ ብሎን ነው። አይቶታል።"

ኤፕሪል 23

መጻፍ አልፈልግም። ታዲያ ስድስት ክረምት የቆመችው በማን ትከሻ ላይ ነው?

ኤፕሪል 25

እማማን ጠየቅኳት። ድንች እየላጥን። መጀመሪያ ቢላዋው ቆመ። ከዚያ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ያለቀሰች መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ ሳቅ ነው። ከቀብሩ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

"ፋድሪ... ያ ረጅሙ ፋድሪ። ውይ፣ ሉረይን፣ ተያዝክ።"

ሉረይን አያቴ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። አያቴና ፋድሪ በአንድ ጓድ ነበሩ። ጎን ለጎን ነው የሚተኩሱት፣ አያቴ ግን ከፋድሪ ጠመንጃ ላይ ዓይኑን ነቅሎ አያውቅም። እንደሷ የምትመታ በጓዱ ውስጥ አልነበረችም። ፋድሪ ደግሞ ተኩስ አይወድም፣ የሚወደው መብል ነው። ያረጁ ወታደሮች ሲሰናበቱ ጠመንጃው የየራሳቸው ሆነ። በዚያው ቀን፣ ባቡር ጣቢያ ላይ፣ አያቴ የራሱን ጠመንጃና አንድ ሙሉ ክብ አይብ ሰጥቶ የፋድሪን ወሰደ።

"የበጋ አይብ ነበር" አለች እማማ። "የተራራ ሣር የበላች ላም ወተት። ለክረምት ያስቀመጥኩት። ወር ሙሉ አላናገርኩትም።"

"ታዲያ ለምን ዋሸ?"

"መቼ ዋሸ? ይቺ ጠመንጃ ድንበር ላይ ቆማለች አለ። ቆማለች። በማን ትከሻ ብሎ የጠየቀው የለም።" ድንቹን ውሃ ውስጥ ጣለች። "ጊያከንን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የአባቱ ጦርነት ያስደስተው ነበር። ተወው፣ ይደሰትበት አለኝ። እኔም ተውኩት። አንቺም ተዪው።"

የፋድሪን ስም ከሰደፉ ለምን አላወጣውም? አልኳት።

"የፋድሪ ነበረቻ። አያትሽ ያማረውን ያውቃል፣ ከማን እንዳገኘውም አይረሳም።"

ኤፕሪል 26

ቀኑን ሙሉ አያቴን ባቡር ጣቢያ ላይ አየዋለሁ። በብብቱ አይብ ይዞ። ስልሳ ዓመት ሞልቶት፣ እንደ ልጅ የሰው ጠመንጃ እያማረው። ይህን አያቴን አላውቀውም ነበር። ናፈቀኝ። የማውቀው ሲናፍቀኝ ነበር የከረመው፣ አሁን የማላውቀውም ተጨመረ።

እኔ ግን ጠመንጃዋ እንዳትነካ የፈለግሁት እሱ የተሰጠውን በአደራ የጠበቀ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን መርጦ ነው የያዛት። የተሰጠውን አልተቀበለም። "አይሆንም፣ እኔ ያቺን ነው የምፈልገው" ብሏል።

የመረጠው ደግሞ አፈሙዟን ነው።

ኤፕሪል 28፣ ዓርብ

አጎቴ አይብ ቤት ድረስ መጣ። ቦት ጫማው ጭቃ። ማሽኑን ዘጋሁለት፣ ከጩኸቱ በላይ መጮህ ስለማይወድ።

"ከባርክላሚው ጋር ተደዋወልን። አዲሱን አፈሙዝ ከሌላ ቦታ አስጠይቆ ነበር፣ መጥቷል። ነገ ጠዋት በሦስት ሰዓት ጠመንጃውን ይፈታታል። ደግሞ ምን አለኝ መሰለሽ? ባለቤቱ በእርሳስ ካላሰመረልኝ እንጨት አልነካም፣ አፈሙዝም አልፈታም አለ። አባቱም እንደዚሁ ነበሩ አሉ፣ ባለቤቱ ያላሰመረውን አይቆርጡም። ሽማግሌ። እኔ ሄጄ አሰምርለታለሁ።"

ባለቤቱ። እንዲህ አለ፣ እኔ ፊቱ ቆሜ።

"አጎቴ... አፈሙዙ ደህና ነው ብለዋል።"

"ደህና የሆነ ጠመንጃ የሰው ዒላማ ላይ አይተኩስም።" ከዚያ እንደ መቆጨት አለው። "መንጊያ፣ የሱ ቦታ ባዶ ሆኖ ማየት አልችልም። ገባሽ? እዚያ ምንጣፍ ላይ ሰው መተኛት አለበት። ጥሩ ጠመንጃ ከያዝሽ ትተኚያለሽ። እንዲህ ከቀጠልሽ ግን ትሸሺያለሽ። አውቅሻለሁ።"

ልክ ነው፣ ያውቀኛል። ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሄደ።

አሁን ጠመንጃዋ አልጋዬ ላይ ናት። ሜይ 20 ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። ሰደፉ አጥሮም ባልመታስ? ያኔ ማመካኛ አይኖረኝም። አፈሙዙ ነው አይባልም። አራቱም ሰው በእኔ ምክንያት ይወድቃሉ፣ ቱማሽም ቀልዳቸውን ይተዋሉ፣ እሱ ይብሳል። ወፍራሙ አፈሙዝ ይበልጣል ብለዋል ጋሽ ባርክላሚው፣ አልዋሹኝም። ታዲያ እልኸኛ ሆኜ ነው?

አይደለም። በልጅነቴ እጄን ያሞቀው የዚች አፈሙዝ ቀለህ ነው። ጁን ላይ ከሸለቆው ሰው ሁሉ ጋር ሜዳው ላይ መተኛት እፈልጋለሁ፣ ተራራው ቁጥሬን ሲያነብ መስማት። ግን ከዚያም ይልቅ... ክርኔ ላይ ስትለካ የገባኝ ነገር አለ። ሁለት ጣት ብቻ። ያን ያህል ነው ከእኔ የራቀችው።

ስለ ፋድሪ ለአጎቴ አልነግረውም። እሱ የራሱን አባት ይዟል፣ ይያዝ። ስለ እንጨቱ ግን እነግረዋለሁ።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እወርዳለሁ። አጎቴ ሦስት ሰዓት ሲደርስ እኔ ከአንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ እሆናለሁ። ጋሽ ባርክላሚውን እርሳስ እጠይቃቸዋለሁ። አፈሙዙ ላይ ምንም አላሰምርም። ከሰደፉ ጫፍ ሁለት ጣት እለካና፣ በራሴ ጣት፣ አሰምራለሁ፣ መጋዙ እንዳይስተው አጥብቄ። አጎቴ ሲገባ አንገቴን አልደፋም። "ባለቤቷ አስምራለች" እለዋለሁ።

ድምፄ ካልወጣ ደግሜ እለዋለሁ።