በእናትሽ ስም የመጡት ፖስታዎች

ለልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ልጆቹስ? ትንሿን ሳሉ ለቀቃት? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጀልባዋም ደህና ናት፤ በመረብ የማጠምደው ሽሪምፕ ግን ዘንድሮ ጠፍቷል። በስልክ ስናወራ ሁሌ በጭቅጭቅ ስለምንጨርስ መጻፉን መረጥኩ። በእጅ ጽሑፌ አትሳቂ፤ የማውቀው እናትሽ ያስተማረችኝን ያህል ነው።

ባለፈው ሳምንት ኖኤላ የምትባል ሴት ከአውራጃው ጽሕፈት ቤት መጣች። የአውሎ ነፋሱ ወቅት ሳይገባ የጎርፍ ኢንሹራንስ ግዙ እያለች ቤት ለቤት ትዞራለች። ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀውን ነገርኳት። ያ ትልቁ ጎርፍ ቤቴን እስከ መስኮቱ ሲውጠው ማንም አልደረሰልኝም፣ በእነዚህ እጆች ነው መልሼ ያቆምኩት፣ ያኔም ኢንሹራንስ አልነበረኝም፣ አሁንም አልፈልግም አልኳት።

እሷ ግን ራዲዮው አጠገብ የተቆለሉትን ፖስታዎች ታያለች። እናትሽ ካረፈች ወዲህ በስሟ የመጡ ናቸው። አልከፈትኳቸውም። በሕይወት ሳለችም የእሷን ደብዳቤ ከፍቼ አላውቅም። "አባባ፣ ይሄ እኮ ከኢንሹራንስ ነው፤ ልክፈተው?" አለችኝ። ፖስታውን ወደ እሷ ገፋ አደረግኩላት። ከፈተችና አነበበችልኝ። ቤቱ ከጎርፉ በፊት ጀምሮ ኢንሹራንስ ነበረው፤ የሚከፍል ስለጠፋ መጋቢት ላይ ተቋርጧል።

ያኔ ከጎርፉ በኋላ እናትሽ "ከአክስቴ የወረስኩት ነው" ብላ የሰጠችኝ ገንዘብ ትዝ ይልሻል? ሳንቃውም ጣሪያውም የተገዛው በእሱ ነው። ያቺ አክስት ምንም አልነበራትም፤ ገንዘቡ ለካ የኢንሹራንሱ ካሳ ነው። እናትሽ ሸርጣን ፈልፍላ ከምታገኘው ስትከፍል ኖራለች። ለምን እንደደበቀችኝ አንቺም ታውቂያለሽ፣ እኔም አውቃለሁ።

እዚያው ፈረምኩ። አዲስ ውል ስለሆነ ሥራ የሚጀምረው ከሠላሳ ቀን በኋላ ነው አለችኝ ኖኤላ። ወቅቱ ሊገባ አሥር ቀን ቀርቶታል። እንግዲህ ቤቱ ሃያ ቀን ያህል እርቃኑን ይቆማል።

ልትሄድ ስትል፣ በዚህ ሰፈር ያንኳኳሁበት በር ሁሉ የእርስዎን ስም እየጠሩ "አልሲድ ቤቱን ያለ ኢንሹራንስ ሠርቶ የለም ወይ?" ነው የሚሉኝ አለች። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ ኮፍያዬን አጥልቄ ተከተልኳት።

መጀመሪያ የሄድነው የአጎቴ ልጅ ኦቪድ ዘንድ ነው። እሱን ታውቂው የለ። "ምነው ሽማግሌው፣ ውሃ ፈራህ ወይስ ይቺን ቆንጆ ስትከተል ነው?" አለኝ። ፈርም አልኩት። "አንተ ሳትፈርም ቆመህ የለም?" አለ። ያቆመኝ ኢንሹራንስ ነው አልኩት። "ታዲያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በማን ገንዘብ ነው ደረትህን ስትነፋብን የከረምከው?"

በሚስቴ፣ አልኩት።

ቢስቅ ይቀለኝ ነበር። አልሳቀም። ወንበር ሳበልኝና መነጽሩን ፍለጋ ገባ።

እስካሁን ስድስት ቤት ደርሰናል፤ አራቱ ፈርመዋል። በየቤቱ ያንኑ እናገራለሁ። ግባ ይሉኛል፣ እገባለሁ። ሩዝና ባቄላ ያቀርቡልኛል፣ እበላለሁ። ትናንት ኖኤላ ሥራዋን ጨርሳ ሄዳ እኔ እዚያው ሰው ቤት ቀርቼ መሸብኝ። ቤቴ ስገባ ጭር እንዳይለኝ ሁሌ የምከፍተውን ራዲዮ አልከፈትኩም።

ነገ ከድልድዩ ማዶ እንሄዳለን። ሠላሳው ቀን ሳይሞላ ከዚህ ንቅንቅ አልልም፤ ንፋስ ከመጣ ቢያንስ አንድ ሰው መስኮቱ ላይ ሳንቃ የሚመታበት ቤት ይሁን። ከሞላ በኋላ ግን ቤቱ ራሱን ይችላል። ያቺ በቀብሩ ሰሞን እኛ ጋ ኑር ስትዪኝ እምቢ ያልኩሽ፣ ቤትሽ ውስጥ ወጥ ቤቱ አጠገብ ያለችው ክፍል፣ መስኮቷ በየት በኩል ነበር? እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅሁሽ።

እመቤታችን አንቺንም ልጆችሽንም ከነፋስና ከውሃ ትሰውርልኝ። ባልሽንም ሰላም በይልኝ፤ ደግ ሰው ነው፣ ነግሬው ባላውቅም።

አባትሽ