ሳትጨምሪ ጻፊ ያልኩሽ እኔ ነኝ

ለምወድሽ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? ሕፃኗስ ጡጦውን ለመደችልሽ? አልይዝ ብላ አስቸገረች ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ ከጤናዬ ሌላ ደህና የምለው ግን የለኝም። ብደውል እንደማታነሺው ስለማውቅ ነው የምጽፍልሽ።

በከተማው ምክር ቤት የበጀት ክፍል ስቀጠር መጀመሪያ ያወቅሁት፣ ሁሉም መሥሪያ ቤት ጨምሮ እንደሚጠይቅ ነው። እንደሚቆረጥበት ያውቃላ! የመንገዱን ኃላፊ «አቶ ጨምርበት» ነበር የምንለው፤ አምስት መንገድ ሊሠራ አሥር ይጠይቃል። ይህ ውሸት አንገሸገሸኝ። አለቃዬ ዘንድሮ የእያንዳንዱ ጥያቄ ለብቻው ይመረመራል ብሎ ቃል ሰጠኝ፤ አመንኩት። የጤና ጣቢያሽን ጥያቄ ይዘሽ የመጣሽ ዕለት፣ ሰው ሁሉ ሲያጋንን እኔ ብቻ ቅድስት ልሁን እንዴ ብለሽ ስቀሽብኝ ነበር። እኔ ደግሞ፣ ሳትጨምሪ ጻፊ፣ እኔ እዚያ አለሁልሽ አልኩሽ። አንዲት አምቡላንስ፣ አንድ ሾፌር፣ የዓመት ነዳጅ። ያንኑ ጻፍሽ።

ከዚያ የከተማው ገቢ ጎደለ። የምክር ቤቱ አባላት የማንንም ወረቀት ሳይገልጡ፣ በአንድ ከሰዓት፣ ከሁሉም ላይ እኩል ሲሶ ቆረጡ። አለቃዬ ፍትሐዊ ነው፣ ማንም አይከፋውም አለ። እውነትም አቶ ጨምርበት አልከፋውም፤ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ እያፏጨ ነበር። ከእሱ የተቆረጠው አየር ነው፤ ካንቺ የተቆረጠው ነዳጅ ነው። ያን ማክሰኞ በጠራራ ፀሐይ፣ አምቡላንሷ ጠብታ ነዳጅ አጥታ ግቢሽ ውስጥ ቆማ፣ አንቺ መንገድ ላይ ወጥተሽ የአትክልት መኪና ለመንሽ። የእህቴ ምጥ ጠንቶ ነበር። የቀረውን ታውቂዋለሽ፤ የእኔ እጅ አይጽፈውም።

ጉዳዩ በተጣራበት ስብሰባ ላይ አለቃዬ ጥፋቱን በጤና ጣቢያው ላይ ጣለ፤ ፍላጎቱን አሳንሶ አቀረበ አለ። ብድግ ብዬ፣ አላሳነሰችም፣ እውነቱን ነው የጻፈችው፤ የመከርኳት እኔ፣ ቃል የሰጠኸኝ አንተ አልኩት። እህቴ፣ እዚህ ለቅሶ ቤት አይደለም አለኝ። ለእኔ ነው አልኩት። በማግሥቱ የስንብት ወረቀቴ ጠረጴዛዬ ላይ ጠበቀኝ። አልተጸጸትኩም። ለእሱ አንገቴን አልደፋም፤ አንቺን ቀና ብዬ የማይበት ዓይን ግን የለኝም።

የሚመጣው ዓመት መጠየቂያ ቅጽ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ስወጣ ይዤልሽ የወጣሁት እሱን ብቻ ነው። ዳግመኛ የምመክርበት አፍ እንደሌለኝ አውቃለሁ። ቢሆንም ይህችን ስሚኝ፦ ሦስት አምቡላንስ ብለሽ ጻፊ። አንዷ እንድትደርስ ሦስት ጻፊ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናው፤ ያቀፍሻትን ያሳድግልሽ።

ካሳደግሽን ከሁለታችን፣
የቀረችው ልጅሽ