የማሾ ዝናብ

ይድረስ ለአንቺ ለጥሩዬ፣

ከተለያየን አሥራ አንድ ወር አልፎ ሙት ዓመትሽ ሊደርስ አሥራ ሦስት ቀን ቀረው። እንደምን አለሽ እንዳልል የት እንዳለሽ አላውቅም። እኔ ግን ደህና አይደለሁም። ለሰው ሁሉ "እግዜር ይመስገን፣ ደህና ነኝ" እያልኩ ነው የምውለው። ላንቺ መዋሸት አልችልበትምና እውነቱን ልጻፍልሽ ብዬ ተቀመጥኩ።

ሸዋ ሮቢት እንደተውሻት ናት። ሐምሌ ገባ፣ ክረምት ተብዬውም እንደ ወትሮው ነው። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከጣርማ በር በኩል እየተጎተተ ይመጣል፣ ያጉረመርማል፣ ነፋሱ አቧራውን ዓይናችን ውስጥ ይሞጅርና አራት አምስት ጠብታ ጥሎ ይሄዳል። ከዚያ ሙቀቱ ከፊተኛው ይብሳል። ክረምት መግባቱን በደንብ የምታውቀው የወባ ትንኝ ብቻ ናት። አጎበሩን ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ ናቸው የሰቀሉልኝ፤ እኔማ ማን ይነካኛል ብዬ ትቼው ነበር። የጣሪያው አሸንዳ ውስጥ የቀረው ማሾሽ ባለፈው መስከረም በቅሎ አገኘሁት። ልነቅለው እጄ እምቢ አለኝ። አበባ ሳያወጣ ፀሐዩ አነደደው።

ደጋ ያደገ ሰው ቆላ ሲመደብ ለሁለት ዓመት ብሎ ነው የሚወርደው። እኔም መምህር ሆኜ ስመደብ ለሁለት ዓመት ብዬ ነበር፤ አንቺ አስቀረሽኝ እንጂ። ከዚያ ሃያ ዓመት ሙሉ ስነጫነጭብሽ ኖርኩ። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ሥራ እፈታለሁ፣ ያደግሁበት የጣርማ በር ጉም ትዝ ይለኛል። ጋቢ ተከናንቤ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ ቆርቆሮው ላይ በረዶ ሲወርድ እየሰማሁ መተኛት ያምረኛል። እዚህ ግን በሸሚዝ እንኳ አያስተኛም። "ይሄም ክረምት ይባላል?" እያልኩ ባንቺ ላይ እነሳ ነበር፣ ዝናቡን አንቺ ደብቀሽ ያስቀረሽብኝ ይመስል።

በተጋባን በመጀመሪያው ሐምሌ አኩርፌ አልጋ ላይ እንደተጋደምኩ ቆርቆሮው ድንገት ተንጣጣ። ብድግ ብዬ ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። አንቺ በግራ እጅሽ ሳህን ይዘሽ፣ በቀኝሽ ማሾ እየዘገንሽ ጣሪያው ላይ ትበትኛለሽ፤ ከሥር ዶሮዎቹ ይሻማሉ። "ግባና ተኛ፣ ያገርህ ክረምት መጣልህ" አልሽኝ። በእህል እንዲህ ይቀለዳል ወይ ብዬ ልቆጣ ነበር፣ ሳቄ ቀደመኝ። ገብቼ ተኛሁ። እውነቴን ነው የምልሽ፣ ኮርኒስ በሌለው ቤታችን ውስጥ ዓይኑን ለጨፈነ ሰው ልክ ዝናብ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሐምሌ እሑዶች ወጋችን ሆነ። የነቀዘውን ማሾ ዓመቱን ሙሉ ትለቅሚና ለክረምቴ ታስቀምጪያለሽ። ምሳ በልተን ስናበቃ ሳህንሽን ይዘሽ ትወጫለሽ፣ እኔ እጋደማለሁ። እትዬ ሐዋ ባጥሩ በኩል እያዩ "ይቺ ልጅ ሰውየውን አሞላቀቀችው" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው።

ያን ቀንም እሑድ ነበር። ሦስት ቀን ራሴን አሞኛል ስትይኝ "ሙቀቱ ነው፣ ውኃ ጠጪ" ብዬሻለሁ። እያመመሽም ሳህንሽን ይዘሽ ወጣሽ። ቆርቆሮው ጠብ፣ ጠብ ማለት ሲጀምር ፈገግ አልኩ። እየበዛ ሲሄድ "ዛሬስ ጆንያውን ሙሉ ይዛ ወጥታለች" ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ከዚያ ውኃው ካሸንዳው ሲወርድ ሰማሁና እውነተኛ ዝናብ መሆኑ ገባኝ። ስንት ዓመት የለመንኩት ዝናብ! "ጥሩዬ፣ ነይ ስሚ!" ብዬ ተጣራሁ። ዝም አልሽ። ባልዲ እየደቀንሽ ነው ብዬ ወደ ግድግዳው ዞርኩና ተኛሁ። ቆላ ከወረድኩ እንደዚያ ያለ እንቅልፍ ተኝቼ አላውቅም።

ዝናቡ ሲያባራ ዝምታው ቀሰቀሰኝ። ከጣሪያው ጠርዝ ሥር አገኘሁሽ፣ ሳህኑ አጠገብሽ ተደፍቶ፣ ማሾው ጭቃ ውስጥ ተበትኖ። ሐኪሙ "ከወደቀች ምን ያህል ሆናት?" ብሎ ጠየቀኝ። የሃያ ዓመት ባልሽ መልስ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም። ያ የመጀመሪያው ጠብታ ያንቺ እፍኝ ነበር ወይስ የሰማዩ? ያንቺ ከነበረ ያኔ ቆመሻል ማለት ነው፤ ብነሳ ኖሮ እደርስልሽ ነበር። ይህን እያሰብኩ አበድኩልሽ። እትዬ ሐዋ "የአላህ ውሳኔ ነው ልጄ፣ ራስህን አትብላ" ይሉኛል። እበላዋለሁ እንጂ ሌላ ምን ልብላ?

ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ። ዝውውሬ ወጣ። ስንት ዓመት ፎርም የሞላሁበት ደብረ ሲና፣ አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደረሰኝ። "ሲወጣልህ ጋቢ ለብሼ እከተልሃለሁ" ትይኝ አልነበር? ባለፈው ሳምንት የሚከራይ ቤት ለማየት ወደዚያ ወጣሁ። ጉሙ እንደ ልጅነቴ ነው፣ ጎዳና ላይ ቆሎ የሚሸጡትን ሴቶች ፊት እንኳ ሸፍኖታል። ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ባለቤቲቱ ክፍሉን እያሳዩኝ ሳለ በረዶው ቆርቆሮው ላይ ወረደ። ሮጬ ወጣሁና በሰው ግቢ፣ በማላውቀው ቤት ጣሪያ ሥር እየዞርኩ አንቺን ፈለግሁ። ሴትየዋ በር ላይ ቆመው አማተቡ። እንደበሰበስኩ በሚኒባስ ተመልሼ ወረድኩ። ለዝውውሩ ከትምህርት ቤቱ ክሊራንስ አልጠየቅሁም፣ ከእንግዲህም አልጠይቅም። የምወደው አንድ ነገር ነበረኝ፣ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የዝናብ ድምፅ፤ እሱም አንቺን ወሰደብኝ፣ አሁን እሱም የለኝም።

ትናንት እሑድ ነበር። ለቅመሽ ያስቀመጥሽውን የነቀዘ ማሾ አወጣሁ። አንድ እፍኝ ጣሪያው ላይ በተንኩና ወደ አልጋው ሮጥኩ። ስደርስ ዝም ብሏል። ደግሜ በተንኩና ጫማዬን ጥዬ ሮጥኩ። ደጃፉን ስሻገር የመጨረሻዋ ፍሬ አሸንዳው ውስጥ ስትወድቅ ሰማኋት፣ ያ ነው ያገኘሁት። ለካ አንድ ሰው ራሱ በትኖ ራሱ ተኝቶ መስማት አይችልም። ሽበት ያወጣሁ ሰውዬ ከደጅ ቤት፣ ከቤት ደጅ ስሮጥ እትዬ ሐዋ አዩኝ። አልሳቁም። ባጥሩ ዞረው መጡና "ግባ ልጄ፣ እኔ ልበትንልህ" ብለው ሳህኑን ተቀበሉኝ።

ገብቼ ተጋደምኩ። ክንዳቸው ደክሟል፣ ግማሹ ግድግዳውን መትቶ ወደቀ፤ ቀሪው ግን ጠብ፣ ጠብ አለ። ሁለተኛውን እፍኝ ሳይዘግኑ ተስፈንጥሬ ወጥቻለሁ። ቆመው ነበር። ቆመው ሳያቸው እጃቸውን ይዤ ምርር ብዬ አለቀስኩ፣ በቀብርሽ ቀን እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም።

ሌላ የምሰጥሽ የለኝም፣ ቃሌን ብቻ ተቀበይኝ። እስክሞት ድረስ ያ ቆርቆሮ በጮኸ ቁጥር፣ ማሾም ይሁን ዝናብ፣ ተኝቼ አልሰማውም። ወጥቼ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር እፈልግሻለሁ። እንደማላገኝሽ እያወቅሁም እወጣለሁ።

ያንቺው፣ ያልተነሳልሽ