የጨው ነጋዴው ዓሦች

መርሳ፣ ነሐሴ አጋማሽ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላህ፣ ውድ እህቴ፤

እንዴት ከርመሻል? የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ባለቤትሽስ ደህና ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር ምንም አልጎደለብንም። እማ ጉልበቷን ትንሽ ያማታል እንጂ ሌላው ደህና ነው። ዝናቡም ዘንድሮ አልጠመመብንም፤ ጓሮው ጭቃ ብቻ ሆኗል።

ይህን በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር። ግን እማን ታውቂያት የለ፤ ገና ድምፅሽን ስትሰማ ስልኩን ትነጥቀኝና ስትላቀሱ ካርዱ ያልቃል። ስለዚህ ጽፌ በሹፌሩ በአብዱልሐሊም ልኬልሻለሁ። ዓሦቹን በሰላም ያደረሰ ሰው ወረቀት አያጠፋም።

ነገሩ የዓሦቹ ነው። አትደንግጪ፣ በሕይወት አሉ።

ያን ቀን አብዱልሐሊም የመስታወት ገንዳውን፣ በበርሜል ያሉትን ሁለቱን ዓሦችና የላክሽውን የባሕር ጨው ከመኪናው ሲያወርድ፣ አባባ ከጨው ሱቃቸው ወጥተው ቆመው ነበር። “ልጅዎ ናት ለእርስዎ የላከችው” ሲላቸው አንዴ አይተው ተመለሱ። በኋላ ለእማ ያሉትን ብደብቅሽ የቀረው ወሬ አይገባሽም። “ከሷ የመጣ ነገር አይበረክትም፤ ታዩታላችሁ” ነው ያሉት። ኒካሕሽ ያለ እሳቸው ከታሰረ ወዲህ ስላንቺ ከአፋቸው የወጣው የመጀመሪያ ቃል ይኸው ነበር።

እኔም ያኔውኑ ቆረጥኩ። እነዚህ ዓሦች አይሞቱም። የዓሣና የውሃ ትምህርት ተመርቆ የወጣ ልጅ ቤት ሁለት ዓሣ ከሞተ፣ ዲግሪዬ ሱቅ ገብቶ በርበሬ ይጠቅለልበት አልኩ። ገንዳውን እኔ ክፍል አስገባሁት። አባባ በበሩ ሲያልፉ “ምሩቁ፣ ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩህ ጨው የሌለው ውሃ ነው አሉ” ይሉኛል። እውነታቸውን ነው፤ የተማርንበት ጣና ምን ጨው አለው?

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ያማረ ነበር። ዓሦችሽ ያን ብርቱካን መልካቸውን ነጭ መቀነት አስታጥቀው ሲንጎራደዱ ብታዪ! ብዙም ሳይቆይ ግን መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ወጣ። አልጌ ነው፤ ውሃ ውስጥ ብርሃንና የተረፈ ምግብ ሲበዛ ይበቅላል። ጠዋት እፍቀዋለሁ፣ ማታ ይመለሳል። ስልክ ጠጋኙ ጓደኛዬ ቢኒያም አንድ ቀን መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየና “የምታረባው ዓሣ ነው ጎመን?” አለኝ።

እኔ የጠረጠርኩት የጉድጓዳችንን ውሃ ነበር። ከሽንኩርት ማሳ በታች ነው ያለው፤ ማዳበሪያው ሰርጎ ገብቶበት ይሆናል፣ አልጌውም እሱን ነው የሚበላው አልኩ። ስለዚህ ወደ ዝናብ ዞርኩ። ቆርቆሮው እስኪታጠብ የመጀመሪያውን እደፋና ከዚያ በኋላ የሚወርደውን አጠራቅማለሁ። የጎደለውን የምሞላው በሱ ሆነ። አልጌው ግን ምንም አልቀነሰ። ብርሃኑ ይሆናል ብዬ ገንዳውን ከመስኮቱ አራቅኩት። መብራት ሲጠፋና ፓምፑ ሲቆም፣ ዓሦቹ አየር እንዳያጥራቸው ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ ከላይ እመልሰዋለሁ፤ እጄ እስኪዝል። አሁንም ያው።

ይባስ ብሎ ከገንዳው ጋር የላክሽው የጨው መለኪያ መርፌ ከልኩ አልፎ ወጣ። ጨው አልጨመርኩም፤ ከየት መጣ? መለኪያው ነው የተበላሸው ብዬ በሆምጣጤ አጠብኩት፤ መርፌው እዚያው። በዚህ መሐል ትልቋ ዓሣ መብላት ትታ አሸዋው ላይ ጋደም ማለት ጀመረች። እማ ክፍሌ ትገባና አይታት፣ ፊቷን አዙራ ዱዓ ታደርጋለች። ዱዓው ለዓሣዋ ብቻ እንዳልሆነ ይገባኛል። እኔም አባባ ያሉት ቃል ሊደርስ ነው ብዬ እህል አልወርድልኝ አለ።

ባለፈው ሳምንት ሲሪንቃ፣ እርሻ ምርምሩ የሥራ ማስታወቂያ አውጥቷል ሲሉኝ ሄድኩ። የሚፈልጉት የአዝርዕት ባለሙያ ሆኖ ተገኘ፤ እሱን ተዪው፣ ሌላ ይወጣል። መኪና ቶሎ አገኘሁና ከዙሁር በኋላ ወዲያው ቤት ደረስኩ። የአባባ ሱቅ ዝግ ነው። በጠራራ ቀን ሱቅ ሲዘጉ አይቼ ስለማላውቅ ልቤ ፈራ። ወደ ውስጥ ስገባ ድምፃቸው ከኔ ክፍል ይሰማል።

እጅጌያቸውን ሰብስበው ገንዳው ላይ አጎንብሰዋል። በአንድ እጃቸው ጭብጥ ጨው፣ በሌላው ቁራሽ ዳቦ። ዳቦውን እየፈረፈሩ ለተጋደመችው ዓሣ “ብዪ እንጂ፤ አገርሽ ራቀብሽ?” ይሏታል።

ሲያዩኝ ደነገጡና ወዲያው ቁጣውን አመጡት። ውሃዋ ጎድሎ አንተ የት ትዞራለህ? የባሕር ዓሣ ያለ ጨው እንዴት ይኖራል? አንተ እንደሆንክ ዝናብ ብቻ ነው የምትሞላላት፤ ቤተሰብ ጨው ነጋዴ ሆኖ ዓሣ ጨው አጥታ ትሙት? እያሉ ለቀቁብኝ። ሲጠየቁ ለካ እኔ በወጣሁ ቁጥር ይገባሉ። ውሃው ጎደል ባለ ቁጥር ከምርጡ ጨው ጨብጠው ይጨምራሉ። ዳቦውም የሳቸው ነው። ዓሦቹ የተዉት ፍርፋሪ ገንዳው ውስጥ ካለው ድንጋይ ሥር ይበሰብሳል፣ አልጌው በሱ ይፋፋል። እኔ ጉድጓዱን፣ ማዳበሪያውን፣ ፀሐዩን፣ መለኪያውን ስከስ ነው የከረምኩት።

ልቆጣ ፈልጌ አቃተኝ። “አባባ፣ አፋር ጨው የሚያወጡት እንዴት ነው?” አልኳቸው።

ጨውን እኔን ትጠይቀኛለህ በሚል ዓይን አዩኝና፣ ውሃውን ኩሬ ያስገቡታል፣ ፀሐይ ውሃውን ይወስዳል፣ ጨው ግን ይቀ— ብለው አልጨረሱትም። ገንዳውን አዩ። በእጃቸው የቀረውን ጨው ኪሳቸው ከተቱት። “እንግዲያ እኔ ነኛ ያቃጠልኳት” አሉ።

አልሞተችም፣ እንመልሳታለን አልኳቸው። ከዚያ ወዲያ እኔና አባባ አብረን ሠራን፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲህ አብረን አልሠራንም። ውሃው ድንገት ቢቀየር ዓሣዋ አትችለውም። ስለዚህ ከጨዋማው ትንሽ እንቀዳለን፣ የዝናብ ውሃ ትንሽ እንጨምራለን፣ እንጠብቃለን፣ መርፌውን እናያለን። አባባ በጎማ ሊቀዱ ሲስቡ አፋቸው ገባና “ይሄማ ከኔ ሱቅ ይብሳል” ብለው ተፉ። መስታወቱን በአሮጌ የሞባይል ካርድ የሚፍቁት እሳቸው ናቸው፤ እኔን አያስነኩኝም። ለደንበኞቻቸው ሱቅ የዘጋሁት ቤት ሕመምተኛ ስላለብኝ ነው ብለው ኖሮ፣ ጎረቤታችን ሀጂራ አጥሚት ይዛ ልትጠይቅ መጣች። ሕመምተኛዋን ስናሳያት ዓሣዋን አየች፣ አባባን አየች፣ ከዚያ “አላህ ያሽራት” ብላ አጥሚቱን ለኔ ሰጠችኝ።

ዓሣዋ ከአሸዋው ተነሥታ የበላች ቀን አባባ የሰበሰቡትን እጅጌ መለሱ። ወጥተው ሱቁን ከፈቱ። በማግስቱ ግን ቢኒያምን ጠርተው፣ ገንዳው የምሩቁ ክፍል አይመቸውም፣ አንሡልኝ አሉን። ውሃውን ቀንሰን እንግዳ የሚቀመጥበት ሳሎን፣ ፀሐይ የማይደርስበት ግድግዳ ሥር አኖርነው። አባባ ዳቦ መስጠት ተከልክለዋል፤ ቆንጥረው የሚሰጡት አንቺ የላክሽውን የዓሣ ምግብ ብቻ ነው።

ስለኔ አታስቢ። ሥራው ይመጣል፤ ካልመጣም ግራና፣ መስኖው አጠገብ የዓሣ ኩሬ ለመቆፈር ከልጆች ጋር እየተነጋገርን ነው። ጨው የሌለበትን ውሃ እንኳ አውቀዋለሁ።

አሁን የቀረን ድንጋዩ ስንጥቅ ውስጥ ያለው አልጌ ነው፤ ካርድ አይገባበትም። ትናንት ለአባባ፣ ባሕር ውስጥ አልጌ እየጋጠ የሚኖር ትንሽ ቀንድ አውጣ አለ፣ ከጅቡቲ በአብዱልሐሊም እናስልከው? አልኳቸው። ሳቁብኝ። ዓሣው አንሶ ቀንድ አውጣ ቤቴ ልታስገባ ነው? ብለው ወደ መስጊድ ሄዱ። ዐሱርን ሰግደው ሲመለሱ ግን በሩ ላይ ቆሙ።

“ነፍስ ያለው ነገር በሹፌር አይላክም፤ አንዴ ተልኮ አይተናል። ይዛው ትምጣ” አሉኝ።

እማ ምስር እየለቀመች ነበር። ሰፌዱን አስቀምጣ ጓዳ ገባች፤ ቶሎም አልወጣች። እኔ እሺ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? አባባ ጫማቸውን መልሰው እያጠለቁ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፣ ከከበዳት የሚሸከምላት ሰው አላት አይደል? ብለው ጠየቁኝ። ቀንድ አውጣው እኮ ካውራ ጣት አይበልጥም አልኳቸው።

“ቢሆንስ” ብለው ወደ ሱቃቸው ሄዱ።

እንግዲህ እህቴ፣ ቀንድ አውጣውን የባሕር ውሃ ባለበት ሰፊ ዕቃ አድርጉት፤ ክዳኑን ብሱት፤ ፀሐይ አይንካው። የሚሌ በረሃ ሙቀት ሳይነሣ እንድታልፉ አመሻሽ ላይ ተነሡ። እማ ካሁኑ አልጋ ልብስ ማጠብ ጀምራለች፤ በዚህ ዝናብ መቼ እንደሚደርቅላት እንጃ።

አላህ መንገዱን ያቅናላችሁ፣ ከክፉ ይጠብቃችሁ፣ በሰላም ያገናኘን። አሚን።

ታናሽ ወንድምሽ