ድብልብሉ ፊደልህ

አባዬ፣

ከተለየኸን ሁለተኛው ክረምት ገባ። እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ እኔን ታማርረኛለች። ተክለ ሃይማኖት ያለው ሱቅህም አልተዘጋም። መሰላልህ ይቆምበት የነበረው ጥግ ላይ አሁን ኮምፒውተሬና ማተሚያዬ ተቀምጠዋል። ናፍቆት ብቻ ይህን ያስጻፈኝ እንዳይመስልህ፤ ተናድጄብህ ነው።

በርበሬ በረንዳ ታፔላቸውን የጻፍክላቸው እትዬ ዘርፌ አሁን በርበሬያቸውን በፓኬት እያሸጉ መሸጥ ጀምረዋል። ፓኬቱ ላይ የሚወጣው ስም በአንተ ፊደል ካልሆነ አሻፈረኝ አሉ። በዚያ ወፍራም፣ ድብልብል፣ ጠርዙ ሁሉ ክብ በሆነው ፊደልህ፣ ከመንገዱ ማዶ ሆነው በሚያነቡት። እኔም እግረ መንገዴን ከሀ እስከ ፐ የኮምፒውተር ፊደል፣ ፎንት የሚሉትን፣ አድርጌ ልሥራውና ማንም ይጻፍበት ብዬ ተነሣሁ። ምን አቅብጦኝ!

አንድ ፊደል እንኳ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርገህ አልጻፍክም! «ዘርፌ በርበሬ» በሚለው ታፔላ ላይ የመጀመሪያው «በ» እግሩን አንፈራጦ ተንደላቆ ቆሟል። ሁለተኛው ታክሲ ውስጥ አራተኛ ሆኖ እንደተጫነ ተሳፋሪ ትከሻውን ሰብስቧል። «ሬ»ማ ከሰሌዳው ልትወድቅ ምንም አልቀራት። ቦታውን በሜትር ለካ ብዬህ ነበር። መጀመሪያ በእርሳስ አስምር ብዬህ ነበር። አብሬህ በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሜትር ይዤ ስለምንህ፣ አንተ መሰላሉ ላይ ሆነህ ከአላፊ አግዳሚው ጋር ትጫወታለህ፤ ቦታው ያልቅና የቀረውን ትጠቀጥቀዋለህ። ከዚያ ወርደህ «ገባ አይደል?» ትለኛለህ።

ታዲያ ከሁለቱ የትኛው ነው ያንተ? ሳምንት ሙሉ ታፔላዎችህን ፎቶ ሳነሣ ከረምኩ። ሶማሌ ተራ ላይ ተሸካሚዎቹ መንገድ ዘጋሽ ብለው ጮኹብኝ። በመጨረሻ ሁሉንም እኩል አድርጌ፣ አትሜ ለእትዬ ዘርፌ ወሰድኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው አዩትና፣ ቆንጆ ነው፣ ግን የእሱ እጅ አይደለም፤ የእሱ መጨረሻው ላይ ይጨናነቃል አሉኝ። በአንተ ፈንታ እሳቸው ላይ ልጮህ ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ ግን የጫማ ነጋዴው ታፔላ ትዝ አለኝ። በታመምክበት ወር፣ ፊደሉ ተጣቧል ብዬ፣ ሳላማክርህ ባነር አሠርቼ የሸፈንኩት። ከሐኪም ቤት ስንመለስ በዚያ አለፍንና ቀና ብለህ አየኸው። ከዚያ ስለ ዝናቡ ታወራልኝ ጀመርክ። ለምን አልተቆጣኸኝም? ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የመጨረሻ ሥራህ እንደሆነ እኔ አላወቅኩም፤ አንተ ግን ሳታውቀው አትቀርም።

በማግስቱ ነጋዴውን ለምኜ ባነሩን አስወረድኩት። ሚስማሩ ከበሳው በቀር ቀለምህ ደህና ነው። ፎንቱንም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩት። አሁን አንድ ሰው በአንድ ቃል ውስጥ ፊደሉን ሲደግመው፣ ሁለተኛው በራሱ ይጠባል፤ የመጨረሻዋም ትጨመቃለች። ያንተን ስሕተት ኮምፒውተር ማስተማር ስንት ቀን እንዳስለቀሰኝ ብታይ! እኩል መጻፍ በስንት ጣዕሙ። እትዬ ዘርፌ ግን ፓኬቱን ይዘው ለጎረቤቱ ሁሉ እያሳዩ ነው።

አልረሳህም፣ አባዬ። ተዝካርህን እማዬ አውጥታለች፣ ጸሎቱንም አላቋረጠችም። የእኔ ቃል ይኸው ነው፦ ከእንግዲህ እጅህን አላርምም።

ልጅህ ሮማን