ሜዳውን ሳታይ የመረጥካት መኪና

ጎንደር፣ ጥቅምት 1980 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አንዳርጋቸው፣

እንደ ወጉ ቢሆን ግማሽ ገጽ ሰላምታ መጻፍ ነበረብኝ። ዛሬ ግን ተናድጃለሁና አሳጥሬዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ፣ ቤቱም ደህና ነው፣ አባባ ግን ደህና አይደሉም። ዓይናቸው እየደከመ ነው። ይህን ባለፈው ደብዳቤም፣ ከዚያ በፊት በነበረውም ጽፌልህ ነበር። መቼ ትመጣለህ ብዬም ጠይቄሃለሁ። አንተ የላክህልኝ መልስ አንድ ካርቶን ነው።

ካርቶኑን ከፖስታ ቤት ተሸክሜ አመጣሁና ከፈትኩት። በሬዲዮ የምትታዘዝ፣ በባትሪ የምትሄድ ቀይ መኪና፣ ከነማዘዣ ሳጥኗና ከነረጅም አንቴናዋ። ታምራለች፣ አልዋሽም። ገልብጬ ሆዷን ሳይ ግን የሚሠሩት የኋላ ጎማዎቿ ብቻ ናቸው። የፊቶቹ ቀጫጭን፣ ጥርስ የሌላቸው፣ ለመሪ ያህል የተቀመጡ። አንዳርጋቸው፣ እኔ ምን ብዬ ነበር የጻፍኩልህ?

ይህን ደብዳቤ በፖስታ አልልከውም። በሕክምና ኮሌጁ ስታስተምር የቆየችው ጀርመናዊት ሐኪም አንተ ወዳለህበት ወደ ላይፕዚግ ልትመለስ ነው፤ በእጇ ታደርስልሃለች። ስለዚህ በፖስታ ልጽፈው የማልደፍረውን ሁሉ ዛሬ እጽፋለሁ።

የአባባን ዓይን ያየችውም እሷ ናት። ሞራ ቢሆን ኖሮ ይገፈፍ ነበር። የእሳቸው ግን የዓይን ግፊት ነው፤ የጠፋው አይመለስም፣ የቀረውም እየጠበበ ይሄዳል አለችኝ። አሁን ፊት ለፊት ያለውን እንጂ ጎን ለጎን ያለውን አያዩም። በር ሲያልፉ ትከሻቸው መቃኑን ይመታዋል፤ ሲመታቸው በሩን ይቆጡታል። እንግዲህ እኔ ሆስፒታል ራጅ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት የሰው አጥንት ሳነሳ ኖሬ ለገዛ አባቴ ዓይን የማደርገው አጣሁ። ማድረግ የምችለው አንተን መጥራት ብቻ ነው፤ እሱንም አልሰማ አልክ።

የመኪናውን ነገር የጀመርከው አንተው ነህ። ትምህርትህን ጨርሰህ ትመጣለህ ብለን ስንጠብቅ ፋብሪካ ገባሁ አልክ፤ ቀጥሎ የፋብሪካው ሠራተኞች እሑድ እሑድ ትንንሽ መኪና በአፈር ላይ ያሽቀዳድማሉ አልክ፤ ከዚያ ወዲህ ደብዳቤህ ሁሉ ሞተርና ጎማ ሆነ። እኔም አልጠላሁትም። እዚህም የውጭ አገር መምህራኑ ሁለት ሦስት ነበሯቸውና ከቁስቋም በታች ባለው ሜዳችን ላይ ሲያስሮጧቸው እየሄድኩ አይ ነበር። የፋርማሲው ካሣዬ አንዷን ወደ አገሩ ከሚመለስ ሐኪም ገዝቶ ጉራው አላስቀምጥ ሲለን፣ ዘንድሮ ለአብዮት በዓል ውድድር ይደረግ ተባለና ቀበሌው ፈቀደ። ተወዳዳሪ ሁሉ ምድቡን መርጦ ይመዝገብ ተባለ፤ ሁለት ጎማዋ የሚሠራ፣ አራቱም የሚሠራ፣ ወይም ባለ ትልልቅ ጎማ ካሚዮን። አንተም፣ «ምድቡን ምረጪ፣ መኪናውን እኔ እልካለሁ» አልክ።

እኔ ሞኟ የምር ይዤው አሰብኩበት። በሁለት ጎማዋ የምትሄደው ቀላል ናት፣ ትፈጥናለች፣ ባትሪ አትጨርስም፣ ብትሰበርም ለመጠገን አታስቸግርም። አራቱም የሚሠራላት ከባድ ናት፣ ባትሪ ትበላለች፣ የማርሿ ጥርሶች ውስጥ አቧራ ከገባ አበሳ ነው፤ ግን የትም ብትገባ ትወጣለች። ካሚዮኗ ሁሉን ታልፋለች፤ የምታልፈው ግን ታቦት እንደሚያጅብ ሰው ቀስ እያለች ነው። ወዲያ ወዲህ ስል አባባ ሰምተው ሳቁብኝ።

«ምነው ይኼ ሁሉ ጭንቀት? እኔ መካነ ብርሃን ሳድግ በኋላ እግሯ ብቻ ዳገት የወጣች በቅሎ አይቼ አላውቅም። አራቱንም እግሯን የምትጠቀመዋን ላክልኝ በይው!»

አራቱም የሚሠራ፣ ጎማው ጥርስ ያለው፣ ሜዳው እንደ ድሮው አይደለም ብዬ ጻፍኩልህ። መልስህን በቃሌ ይዤዋለሁ። «እትዬ፣ አራት ጎማ ለተቦረቦረ ቦታ ነው። የእኛ ሜዳ እኮ ጠረጴዛ ነው! ኳስ ስንጫወት አንድ ጠጠር ነክቶን ያውቃል? ደግሞ ሜዳ ምን ይሆናል? እግር የለው፣ የት ይሄዳል? በሁለት ጎማ ትቀድሚያቸዋለሽ።» ሦስት ገጽ ሙሉ ስለ ጎማ። ስለ መምጣትህ መጨረሻው ላይ፣ «ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።»

እንግዲህ ሜዳው ምን እንደሆነ ልንገርህ። ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለመሉት ልጆች የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ከጠዳም ከጃናሞራም እየመጡ እዚያ ይሰለፋሉ፤ ወታደራዊ ካሚዮኖቹ ገብተው ይጭኗቸዋል። ክረምት ከበጋ ስለሚመላለሱ ጎማቸው ሜዳውን አርሶታል። ጉድጓዱ እስከ ጉልበት የሚያስገባ ቦታ አለው። እናንተ ግብ ታቆሙበት የነበረው ቦታ አሁን ካሚዮኖቹ የሚዞሩበት ነው። ከአንተ ጋር ኳስ ይጫወት የነበረው ቢሻው ከዚያው ተጭኖ ሄደ፤ እናቱ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሮጣ ተከተለችው። እስከ ዛሬ ወሬው የለም። ይህን በፖስታ እንዴት ብዬ ልጻፍልህ? «ሜዳው እንደ ድሮው አይደለም» ስልህ አንድ ነገር አለ ብለህ መጠርጠር አቅቶህ ነው?

መኪናዋን ለማስፈቀድ ቀበሌ ያየሁትንም ስማ። ሊቀመንበሩን ጓድ ቢያዝንን አታውቀውም፣ አንተ ከሄድክ በኋላ የተመረጠ ነው። ማዘዣ ሳጥኗን አገላብጦ አገላብጦ አንቴናውን ሳበው።

«ይኼ ከማን ጋር ነው የሚያነጋግር፣ ጓድ እቴነሽ?»

«ከመኪናዋ ጋር።»

«መኪናዋስ ከማን ጋር ትነጋገራለች?»

«ከማንም። እንደ ወንድሜ ናት፤ ትሰማለች እንጂ አትመልስም።»

አልሳቀም። ነድቼ ላሳየው ስል ሳጥኑን ከእጄ ወሰደ፤ ከወሰደ በኋላ መመለሱን ረሳው። ባለ ጉዳይ ደጅ ተሰልፎ እሱ መኪናዋን በጠረጴዛው ሥር ሲያዞራት፣ ከወንበር እግር ሲያጋጫት ቆየና ማህተሙን መታልኝ። ልወጣ ስል ግን፣ «ለመሆኑ ወንድምሽ መቼ ነው የሚመለሰው? አገር ያስተማረችው ለማን ነው?» አለኝ። ከጓድ ቢያዝን ጋር በአንድ ነገር የተስማማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ውድድሩ በበዓሉ ማግስት ሆነ። ዳኛው አባባ ነበሩ። ማን አዳልተዋል ይላቸዋል? መሪጌታ ወልደ ገብርኤልን! ዙሩን የሚቆጥሩት በመቁጠሪያቸው ነው፤ መኪኖቹንም የሚለዩት በድምፅ ነው። «የካሣዬ ጥንዚዛ ናት፣ ያንቺ ንብ ናት» አሉኝ። ድፍን ሕይወታቸውን የደቀ መዝሙር ዜማ ሲያርሙ ለኖሩ ሰው ይህ ቀላል ነው። አንተ የመረጥካት መሆኗን ስለሚያውቁ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ መቋሚያቸውን ይዘው እንደ ንግሥ ቀን ነው የወጡት።

መጀመሪያ ቀደምኩ። እውነትህን ነው፣ ትፈጥናለች። ካሣዬ ዞር ሳይል እኔ ራቅኩት። ወዲያው የመጀመሪያው የካሚዮን ጎማ የቆፈረው ጉድጓድ ጋ ደረሰችና በአፍንጫዋ ገባች። የኋላ ጎማዎቿ አየር ላይ ጭቃ እየረጩ ይጮኻሉ። ሮጬ አወጣኋት፣ ትንሽ ሄዳ ሌላው ጋ ተገለበጠች። የካሣዬዋ እየወረደች እየወጣች፣ ቀስ እያለች አለፈችኝ፤ ዞራ ደግሞ መጥታ አለፈችኝ።

«እቴነሽ፣ ወንድምሽ ይቺን የላከልሽ ለሳሎን ነው እንዴ?» አለ ካሣዬ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ እንባዬ መጣ፣ ለመኪናዋ መሰለህ?

አባባ መቁጠራቸውን አቆሙ። «የእኛን ድምፅ አጣሁት። ምነው?»

«ጉድጓድ ገባች፣ አባባ።»

«የምን ጉድጓድ? እዚህ?»

ካሚዮኖቹን ሲመጡ ሲሄዱ ይሰማሉ፤ ሜዳው ምን እንደሆነ ግን እኔም አልነገርኳቸው፣ እሳቸውም አላዩትም። እጃቸውን ይዤ ወሰድኳቸው። መቋሚያቸውን ወደ ጉድጓዱ ሰደዱት፤ ገባ፣ ገባ፣ መሬቱን ሲነካ አባባ ጎንበስ ብለው ነበር። አውጥተው ወደ ጎን ሌላ ቦታ ነኩ፣ እዚያም ገባ። ውድድሩን ትተው፣ ሰውን ሁሉ አቁመው፣ ሜዳውን በመቋሚያ ዞሩት። ከዚያ፣ «አንዳርጌ የሚያውቀው ይኼን አይደለም» አሉ። ካሣዬ አንደኛ ወጣ።

በማግስቱ ተማሪዎቻቸውን ሰበሰቡ። «ልጄ የመረጣት ማኪና ትሂድበት» ብለው ሜዳውን እንዲሞሉ አዘዟቸው። ደቀ መዛሙርቱ ከትምህርት በኋላ በቅርጫት አፈር እያመጡ ጉድጓዱን ይሞላሉ፣ በእግራቸው ይረግጣሉ፣ እየረገጡ ቃለ እግዚአብሔራቸውን ያጠናሉ፤ አባባ ጠርዝ ላይ ቆመው ዜማውንም አፈሩንም ያርማሉ። ጎረቤቱ ሁሉ መሪጌታ ምን ነካቸው አለ። ይተዉ ብላቸው አልሰማ አሉ፤ በዚህስ እውነትም አባትህ ናቸው። መስቀል ካለፈ በኋላ ሜዳው ጠረጴዛ ባይሆንም ሜዳ ሆነ። መኪናህን አወጣሁና ለቀቅኳት። በረረች አንዳርጋቸው! አባባ መቋሚያቸውን ከፍ አድርገው፣ «ይኼው! ይኼው ሸጋ ድምፅ!» አሉ። እንዲያ ሲስቁ እናታችን ካረፈች ወዲህ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና፣ «በይ ጻፊለት» አሉኝ። «ሜዳው ደህና ነው በይው። ተበላሸ ሲሉት ከፍቶት ይሆናል የቀረው።»

በዚያው ሳምንት ካሚዮኖቹ ተመልሰው መጡ። ከሥራ ስመለስ ሜዳው እንደ በፊቱ ታርሷል፣ የተማሪዎቹም አፈር ጭቃ ሆኗል። አባባ ቤት ሆነው ድምፃቸውን ሰምተዋል። «በሜዳው አለፉ እንዴ?» አሉኝ። «በአስፋልቱ ነው ያለፉት» አልኳቸው። ተማሪዎቹም እኔ ያልኩትን አሉ። ይኸው እስከ ዛሬ ሜዳው ደህና ነው ብለው ያምናሉ፤ ጠዋት ጠዋት፣ «ጻፍሽለት?» ይሉኛል።

ይኸው ጻፍኩልህ። ግን እሳቸው ያሉኝን አልጻፍኩም፣ አልጽፍምም። ሜዳው ጉድጓድ ነው። ፈርተህ ከሆነ የቀረኸው፣ ፈራሁ በለኝ። ቢሻውን ያየሁ ሰው ነኝ፣ አልፈርድብህም። ና ስልህም ምን እያልኩህ እንደሆነ አውቃለሁ። እዚያ ሰው አግብተህም ከሆነ ንገረኝ፣ እልል እላለሁ። ስለ ጎማ ግን አትጻፍልኝ! ስለ አባትህ ዓይን የጻፍኩልህን በሞተርና በባትሪ አትመልስልኝ፣ ሰለቸኝ። ሌላ መኪና እንዳትልክ። ባለ አራቱንም አትላክ፤ ብትልክ ካርቶኑን ሳልከፍት እመልሰዋለሁ፣ ታውቀኛለህ።

ና። ቀይዋን አስቀምጬልሃለሁ። ለከርሞ የምንወዳደርበትን ምድብ ሜዳው ላይ ቆመን እንመርጣለን፤ አባባ በመቋሚያቸው ይለኩታል፣ አንተም ምን እንደሆነ በዓይንህ ታየዋለህ። ስትደርስ ብቻ አንድ ነገር እንዳትረሳ። ልጅ ሆነህ እንደለመድከው ከጎናቸው ሄደህ እንዳትቆም፣ አያዩህም። ፊት ለፊታቸው ቁም።

የምትቆጣህና የምትናፍቅህ እህትህ፣
እቴነሽ ወልደ ገብርኤል